የአባ አቤቱታ ጉድጓድ

ቢሯችን አንድ መኪና አለው። አለው ማለት ይቻል እንደሆነ እንጃ፤ ጋራዥ ከገባ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አልገጠመኝም። ስለዚህ ፋብሪካ ልንቆጣጠር ስንሄድ በፋብሪካው መኪና ነው የምንሄደው። ለሰው ስናገር የቀለድኩ ይመስለዋል። ደብዳቤውን የማረቅቀው እኔው ነኝ፤ «ለድንገተኛ ቁጥጥር ስለምንመጣ በተባለው ቀን ጠዋት መኪና እንድትልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን «ድንገተኛ» የምትለዋ ቃል ላይ ስደርስ ሳቄ ይመጣ ነበር። አሁን እጄ ብቻውን ይጽፋታል።

የቆዳ ፋብሪካው ሾፌር ከሁሉም ሰዓት አክባሪ ነው። በሩን ከፍቶ፣ መቀመጫውን በእጁ ጠረግ ጠረግ አድርጎ፣ «እትዬ፣ መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?» ይለኛል። እንዲህ ያለ አክብሮት በገዛ ቢሮዬ አግኝቼ አላውቅም። ስንደርስ ከቱቦው የሚወርደው ውሃ ልጅ ቢያጥቡበት የማያሳፍር ሆኖ ይጠብቀናል። ናሙና እንቀዳለን፣ እንፈራረማለን፣ ሾፌሩም መልሶ ያደርሰናል። ከወራት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ «ከተፈቀደው ወሰን በታች» ይላል፤ ፈቃዱም ይታደሳል። የሥራ መደቤ መጠሪያ የአካባቢ ብክለት ተቆጣጣሪ ነው። ታላቅ እህቴ አንድ ቀን «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትቆጣጠሪው?» ብላ ስትጠይቀኝ ተነሥቼ ማድ ቤት ገባሁ።

አባ አቤቱታ ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስማቸው አይደለም፤ ቢሮው ነው ያወጣላቸው። ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ። ጓሯቸው ከቆዳ ፋብሪካው የዝቃጭ ኩሬ ጋር በአንድ አጥር ነው የሚለያየው። ጓሯቸው ውስጥ በወጣትነታቸው ራሳቸው ቆፍረው፣ ራሳቸው በድንጋይ የገነቡት ጉድጓድ አለ። በሱ ውሃ ቆስጣና ካሮት ያለማሉ፤ እሳቸውና ባለቤታቸው የሚተዳደሩት በዚያ ነው። ቧንቧ እዚያ ሰፈር ስላልደረሰ ጎረቤቱም የሚቀዳው ከሳቸው ነው።

በየሳምንቱ ይመጣሉ። ጸሐፊዋ ከሩቅ ስታያቸው ግድግዳውን ትመታልኛለች፤ «መጡልሽ» ማለቷ ነው። እሳቸውም ኮታቸውን ቆልፈው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ።

«ልጄ፣ መጥታችሁ ውሃዬን ቅዱና ፈትሹልኝ። መርዝ ከሆነ ንገሩኝ። ካልሆነም ንገሩኝና አፌን ልዝጋ።»

ይህን ያህል ቀላል ነገር ለምን እንደማይሆን ላስረዳቸው ያልሞከርኩበት ጊዜ የለም። እኛ የምንቆጣጠረው ፈቃድ ያለውን ነው። ፋብሪካው ፈቃድ አለው፤ ስለዚህ እንቆጣጠረዋለን። የሳቸው ጉድጓድ ፈቃድ የለውም፤ ስለዚህ በእኛ ዘንድ ጉድጓዱም የለም። ይህን ስናገር አንገቴን ደፍቼ ነው። እሳቸው ግን በትዕግሥት ሰምተው፣ «እሺ ልጄ፣ እኔ እንግዲህ ፈቃድ አውጥቼ ልበክል?» ይሉኛል። ቢሮው በሙሉ ይስቃል፤ እሳቸውም አብረው ይስቁና ይሄዳሉ። በሳምንቱ ተመልሰው ይመጣሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ሳይስቁ ገቡ። ከፌስታል ውስጥ አንድ ጠርሙስና ብርጭቆ አወጡ። ውሃውን ቀድተው ጠረጴዛዬ ላይ፣ ፊት ለፊቴ አስቀመጡት። ትንሽ ደፈርስ ያለ ነው እንጂ ለዓይን ይህን ያህል የሚያስጠላ አልነበረም።

«በያመቱ ንፁህ ነው እያላችሁ ትፈርማላችሁ አይደል?» አሉ። «ጠጪልኝ።»

ጸሐፊዋ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረች። እኔ ብርጭቆውን አየሁት። እጄን ላነሳ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።

«አባባ፣ እኔ እኮ...»

«አይዞሽ» አሉኝ፣ አዝነውልኝ። ከዚያ ብርጭቆውን አነሱና ጭልጥ አድርገው ጠጡት። «እኛ ቤት ሁልጊዜም እንጠጣዋለን። የባለቤቴ እጅ መላላጥ ከጀመረ ቆየ። ሌላ ከየት እናመጣለን?»

ብርጭቆውን በመሐረብ ጠርገው ፌስታላቸው ውስጥ መልሰው ወጡ። ቀኑን ሙሉ ሥራ መሥራት አቃተኝ። ተናደድኩ፣ በማን እንደተናደድኩ ግን አላወቅሁም። ከሁሉ ያንገበገበኝ «አይዞሽ» ማለታቸው ነው።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ፣ በእረፍት ቀኔ፣ ለማንም ሳልናገር በታክሲ ሄድኩ። ደብዳቤ የለ፣ የሰው መኪና የለ፣ ሾፌር የለ። የናሙና ጠርሙሶቼን በረዶ በሞላበት ሳጥን ይዤ ስደርስ አባ አቤቱታ ቆስጣ እየነቀሉ ነበር። ሲያዩኝ ቀና አሉና ለባለቤታቸው፣ «አንቺ! መንግሥት በእግሩ መጣ!» ብለው ጮኹ። ባለቤታቸው በላስቲክ ጓንት እየሮጡ መጡ። የጉድጓዱን ክዳን አንሥተን ቀዳን። አንድ ጠርሙስ፣ ሁለተኛ ጠርሙስ፣ አሸግኩ፣ ፈረምኩ፣ አስፈረምኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራ የሠራሁ የመሰለኝ ከስንት ዘመን በኋላ ያን ቀን ነው።

ከዚያ ጥበበኛ ልሁን አልኩ።

ላቦራቶሪው እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። የፋብሪካ ፍሳሽ ብለህ ከላክህ ወራት ይፈጃል። የከርሰ ምድር ውሃ ብለህ ከላክህ መላክህን ራስህ እስክትረሳው ድረስ ይቀመጣል። «የመጠጥ ውሃ» ብለህ ከላክህ ግን ወረፋ የለም፤ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል። ጉድጓዱ ደግሞ ይጠጣል፤ ውሸት አይደለም። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ በትልልቁ «የመጠጥ ውሃ» ብዬ ጻፍኩ። እንዴት ያለሽ ብልጥ ነሽ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ላቦራቶሪው ቅዳሜና እሑድ ስለማይከፍት ጠርሙሶቹን ቤት ወስጄ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኳቸው። ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ አብረን ነው የምንኖረው፤ ማቀዝቀዣውም የሷ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ በሩን ከፍታ ይዛ።

«ውሃ ነው፣ እትዬ።»

«ውሃ መሆኑንማ አይቻለሁ። ከወተቱ ጎን ምን ይሠራል?»

«የመንግሥት ነው።»

«የመንግሥት ከሆነ መንግሥት ቤት ይደር!»

ወተቱን አውጥታ ጎረቤት ልታሳድር ሄደች። በሷ ቁጣ ብዙ ጊዜ እስቃለሁ፤ ያን ምሽት ግን ልክ ነበረች። ወተቱ ቤታችን ሳይመለስ ቀረ።

ውጤቱ በቶሎ ደረሰ። ክሮም ከወሰኑ ብዙ እጥፍ፣ ጨውም እንደዚያው። ክሮም ማለት የቆዳ ማልፊያ ነው፤ እዚያ አካባቢ ቆዳ የሚያለፋ ሌላ ማንም የለም። ወረቀቱን ይዤ ከወንበሬ ተነሣሁ። ደስ አለኝ። በሰው ጉድጓድ ውስጥ መርዝ ስላገኘሁ ደስ አለኝ፤ ይህ ሥራ ሰውን እንዲህ ያደርጋል። ወዲያው ለአባ አቤቱታ ደወልኩላቸው።

«አባባ፣ ልክ ነበሩ።»

«ተመስገን» አሉ። «ጎረቤቱ ሁሉ የጃጀሁ ይመስለው ነበር። ነገ ትመጫለሽ? እነሱ ፊት ትነግሪልኛለሽ?»

«እመጣለሁ» አልኩ። አፌን ሞልቼ።

ስልኩን ሳስቀምጥ አለቃዬ አስጠራኝ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ የዓይኖቹ ሥር ሁልጊዜ ያበጠ ነው። የውጤቱ ግልባጭ ጠረጴዛው ላይ ነበር። የመጠጥ ውሃ ውጤት ሲበላሽ ላቦራቶሪው ለሁሉም በአንዴ ነው የሚልከው፤ ለውሃ ቢሮ፣ ለጤና ቢሮ፣ ለእኛ።

«የመጠጥ ውሃ ብለሽ የላክሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«መመሪያው ምን ይላል?»

አውቀዋለሁ። አፌ ብቻውን እንደ ዳዊት ደገመው። «የመጠጥ ውሃ ከወሰን በላይ ተበክሎ ሲገኝ ምንጩ ወዲያውኑ ይታሸጋል።»

«ወዲያውኑ» አለ አለቃዬ።

በዚያ ወፍራም መመሪያ ውስጥ ይህች ቃል ያለችው እዚያ ቦታ ብቻ ነው። ፋብሪካን የሚመለከተው ክፍል ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው፤ ጥናት ይካሄዳል፣ በጽሑፍ እንዲያውቀው ይደረጋል፣ የማስተካከያ ጊዜ ይሰጠዋል፣ ቅሬታውን ያቀርባል። ጉድጓድ ቅሬታ አያቀርብም።

«ፋብሪካውስ?» አልኩት።

«ከፋብሪካው መምጣቱን በምን አወቅሽ?»

«ኩሬው እኮ አጥራቸው ሥር ነው! ክሮም ሌላ ከየት ይመጣል፣ ከሰማይ?»

«እኔም ይገባኛል። ግን የፋብሪካው ውጤት በያመቱ ንፁህ ነው። ፊርማውም ያንቺ ነው።» ይህን ሲል አላየኝም። «ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ጥናቱ እስኪያልቅ ፈቃዱ በጊዜያዊነት ይራዘማል። ጉድጓዱ ግን ነገ ይታሸጋል። ዛሬ ሰው ጠጥቶ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል? አንቺ ትጠየቂያለሽ? ጠጡ ልበላቸው?»

ምን ልበለው? ልክ ነው። መርዝ ነው፤ ሰው መጠጣት የለበትም። ሌላው ቢቀር ክፉ ቢሆን ኖሮ ጮኼበት በወጣልኝ። እሱ ግን ግንባሩን ይዞ፣ «ነዋሪው የሚጠጣው ውሃ ደግሞ አለ» አለ። «የውሃ ቢሮ ቦቴ ተበላሽቷል አሉ። ለፋብሪካው ደብዳቤ ጻፊና ውሃ እንዲያቀርቡ በትሕትና ጠይቂልን።»

ጻፍኩ። እጄ ብቻውን ጻፈው።

በማግስቱ ሰንሰለትና የእርሳስ ማኅተም ከያዘው ቴክኒሻናችን ጋር በታክሲ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ለአባ አቤቱታ እንዴት እንደምነግራቸው ሳሰላስል ነበር። ቀድሜ ደውዬ ልነግራቸው ይገባ ነበር፤ ስልኩን ሁለት ጊዜ አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ለብቻቸው ጠርቼ፣ ከጓሮ ወስጄ፣ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

በሩን ስንገባ ግቢው በሰው ሞልቷል። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። አባ አቤቱታ ጺማቸውን ተላጭተው፣ ያቺን ኮት ለብሰው፣ መሐል ቆመዋል። ባለቤታቸው ንፁህ ነጠላ አድርገዋል። «ይኸው መጣች!» አሉ፣ እጄን ይዘው ወደ መሐል እየወሰዱኝ። «ያቺ የነገርኳችሁ ልጄ ናት። ጮክ ብለሽ አንብቢው። ሁሉም ይስማ።»

«አባባ፣ እስቲ መጀመሪያ እኔና እርስዎ...»

«አይ፣ አይ! እዚሁ። እዚሁ ይነበብ!»

አነበብኩት። ውሃው መመረዙን ስናገር አባ አቤቱታ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ የነበረውን ኩራት እስክሞት አልረሳውም። «አላልኳችሁም?» አሉ። «ስንት ዓመት አላልኳችሁም?»

ከፊት የተቀመጠችው ጎረቤታቸው፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሱቅ ያላት ሴት፣ የልጇን ጭንቅላት ወደ ጉያዋ ሳበችው።

«ቆይ፣ ጋሼ» አለች። «መርዝ መሆኑን እያወቁ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ ያጠጡን?»

«እንዴ! እኔስ ስጠጣው አልነበር?»

«እርስዎ በራስዎ ፈርደዋል። ልጆቼስ?»

«ስንቴ ነገርኩሽ? አንቺ አይደለሽ እንዴ ሽማግሌው ጃጀ ያልሽው?»

«ክዳኑን ለምን አልዘጉትም ታዲያ? አትቅዱ ለምን አላሉም?»

ከኋላ አንድ ሰው፣ «ቆስጣውስ? ትናንት የገዛሁት ቆስጣስ?» አለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ተናገረ። ስለ ፋብሪካው የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም፤ ፋብሪካው ከአጥሩ ማዶ ነው፣ አባ አቤቱታ ግን እዚሁ ፊታቸው ናቸው። እኔ ልከላከልላቸው አፌን ከፈትኩ። ግን ገና ያላነበብኩት ሁለተኛው ወረቀት፣ የማሸጊያው ትእዛዝ፣ በእጄ ነበር።

«ጉድጓዱ ከዛሬ ጀምሮ ይታሸጋል» አልኩ። «ከዚህ ውሃ የበቀለ አትክልትም አይሸጥም።»

አባ አቤቱታ ያልሰሙኝ መስሎኝ ልደግመው ስል፣ «የኔ ጉድጓድ?» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«እነሱስ?» ወደ አጥሩ በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ኮሚቴ ይቋቋማል። ይጠናል።»

«እስኪጠና ድረስ?»

«ይሠራሉ።»

ቆቡን ከራሳቸው አውርደው በእጃቸው አዟዟሩት። «እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔ እኮ ነኝ የከሰስኩት።»

ይህን ሲሉኝ እግራቸው ሥር ብወድቅ በወደድኩ። ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ሰንሰለቱን ከቴክኒሻኑ ተቀበልኩ። ጉድጓዱ ጋ ሄድን። ክዳኑ ተነሥቶ ከጎኑ ተደግፏል፤ አባ አቤቱታ ራሳቸው በብረትና በሲሚንቶ የሞሉት ነው፣ ከባድ ነው። ቴክኒሻኑ ሞከረ፣ እኔም አገዝኩት፣ ንቅንቅ አላለም። ሲታገለው ጠርዙ ከድንጋዩ ጋር ተጋጨ።

«ተው!» አሉ አባ አቤቱታ። «ትሰብረዋለህ።»

ኮታቸውን አውልቀው ለባለቤታቸው ሰጡ። ጎንበስ ብለው አንዱን ጎን ያዙ፤ እኔና ቴክኒሻኑ ሌላውን ያዝን። አንሥተን አፉ ላይ አኖርነው። ትክክል እስኪገጥም ድረስ ሁለት ጊዜ አስተካከሉት፤ ጠማማ ሥራ አይወዱም። ከዚያ ሰንሰለቱን አጠላለፍኩ፣ እርሳሱን ጨመቅኩ፣ የቢሯችን ስም ወጣበት። ባለቤታቸው ጓንታቸውን በእጃቸው ይዘው ክዳኑን ይመለከቱ ነበር። አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

ማኅተሙን ጨርሼ ቀና ስል ከውጭ ክላክስ ተሰማ። የፋብሪካው ቦቴ ነው፤ ሰዓት አክባሪዎች መሆናቸውን ተናግሬያለሁ። ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ወንበሩን ጥሎ ጀሪካን ፍለጋ ሮጠ። ባለሱቋ ከሁሉ ቀደመች። ውሃው ከቦቴው መውረድ ሲጀምር፣ «እግዜር ይስጣችሁ! እነሱ ባይኖሩልን ምን ይውጠን ነበር?» ስትል ከግቢው ውስጥ ሆነን ሰማናት። ሌሎችም ተቀበሏት።

የአባ አቤቱታ ባለቤት ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንሥተው ወጡና ከሰልፉ መጨረሻ ቆሙ። ባላቸውን ዞር ብለው አላዩዋቸውም።

እኔና እሳቸው ጉድጓዱ ጋ ቀረን። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ አንድ ነገር በቀለለኝ። እሳቸው ግን ኮታቸውን አራግፈው እየለበሱ፣ ከበሩ ውጭ ውሃ የሚቀዳውን ሰው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ልጄ» አሉኝ በመጨረሻ።

«አቤት አባባ።»

«ይሄን ውሃስ መርምረሽዋል?»

አልመረመርኩትም። ከየት እንደቀዱትም አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ውሃ እንዲያመጡ ብቻ ነው፤ እሱንም በትሕትና።

«አልመረመርኩትም» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጥተው ከባለቤታቸው እጅ አንዱን ጀሪካን ተቀበሉና ሰልፉ ውስጥ ገቡ።